ወባ ወቅት አላት፤ በጀቱስ?

አደጋ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሳይጠበቅ የሚወርድ ነገር ነው፤ ናዳ፣ እሳት፣ ደራሽ ጎርፍ። ወለጋን በየዓመቱ አልጋ ላይ የሚያውለው አደጋ ግን ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። ክረምቱ ሲወጣ በዲዴሳና በአንገር ቆላዎች ያቆረው ውሃ ትንኝ ያፈላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ትበረታለች። ይህ እየታወቀ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንንና 1,157 ሟቾችን መዘገበ፤ ከሕሙማኑ 44 በመቶው ከኦሮሚያ ነበሩ። ከፍታ ላይ ባለችው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ የቆላ ጣጣ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1958፣ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ወረርሽኝ የበረታው በሽታውን ባልለመደው የከፍታ ቦታ ሕዝብ ላይ ነበር። መንግሥት ራሱን የቻለ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለአደጋ ከሚወጣው ገንዘብ ቅድሚያ የሚገባው ጊዜው ለሚታወቀው አደጋ ነው እላለሁ። እዚህ ላይ ችግሩ የብር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ብሩ የሚወጣበት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት ደግሞ ትንኟ ከመብዛቷ በፊት፣ ክረምቱ ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት። ጨረታ ወጥቶ፣ ኬሚካሉ ተገዝቶ፣ የሚረጩት ሰዎች ሠልጥነው ቆላ እስኪደርሱ መስከረም ይጠባል። በኅዳር የሚለቀቀው ብር መድኃኒትና አልጋ እንጂ መከላከያ አይገዛም፤ ገበሬው በአጨዳ ሰሞን የሚያጣው ጉልበት ደግሞ በማንም መዝገብ አይሰፍርም። የርጭትና የአጎበር ግዥ በቀደመው ዓመት በጀት፣ በጥር ቢጀመር ተጨማሪ ብር ሳይጠየቅ ብዙ ነገር በተቃና ነበር። ለምን አይደረግም? ሂሊና ማልሆትራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አሜሪካ መራጮች ያሳተሙት ጥናት አንዱን ምክንያት ይጠቁማል፦ መራጩ እርዳታ ላከፋፈለ መሪ ድምፁን ይሰጣል፣ አደጋውን ቀድሞ ለመከላከል ገንዘብ ላወጣው ግን አይሰጥም። ባልታመመ ሰው ፊት ሪባን አይቆረጥም።

የወረዳ በጀት ከደመወዝ ብዙም አያልፍም፣ አጎበሩንም ለጋሾች ያመጡታል የሚል መልስ ይኖራል። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ግን በኢትዮጵያ ሥራውን ከኦሮሚያ የጀመረው የወባ ፕሮግራሟም አብሮ ተናወጠ። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ግጭት መንገድ በዘጋበት ወለጋ ብር ምን ይሠራል? እውነት ነው፣ በጀት ሰላም አያወርድም። መንገዱ ሊዘጋ የሚችል ከሆነ ግን ገና ክፍት ሳለ መድኃኒቱና አጎበሩ ጤና ኬላ ድረስ መግባት አለባቸው፤ ስለዚህ ተቃውሞው ቀድሞ መግዛትን ይበልጥ ያስገድዳል። ቀን የማይቆረጥላቸው አደጋዎችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአጎራባቹ ካማሺ ዞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ተፈናቅለው መጥተዋል። ለእንዲህ ያለው መጠባበቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ የሚታወቀው የወባ ወጪ ከዚሁ መጠባበቂያ እየተቆነጠረ የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ ተፈናቃይ ሲመጣ ካዝናው ባዶ ሆኖ ይቆየዋል።