ድምፅ ያለው የሞዴል ባቡር ዲኮደር እንዴት ፕሮግራም ይደረጋል?

መተማ ዮሐንስ ላይ ባቡር የለም፤ ሐዲድ ለማየት ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ መድረስ ይጠይቃል። ነገር ግን ስልክና ሬዲዮ ለምትጠግኑ የሙያ አጋሮቼ ይህ ትንሽ ቦርድ ብዙ ያስተምራል።

ዲኮደሩ ከሐዲዱ ኃይልም ትዕዛዝም አብሮ ይቀበላል፤ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ይቆጣጠራል። ፕሮግራም ማድረግ ማለት ሲቪ በሚባሉት ቦታዎች ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር መጻፍ ነው።

🔹 ሲቪ 1፦ የባቡሩ አድራሻ። ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ነው።
🔹 ሲቪ 3 እና 4፦ አነሳስና አቋቋም። ቁጥሩ ሲጨምር ሁለቱም ይዘገያሉ።
🔹 ሲቪ 8፦ በብዙዎቹ ላይ 8 ሲጻፍበት ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመልሳል።
🔹 ሲቪ 63፦ ሎክሳውንድ በሚባሉት ዲኮደሮች የጠቅላላ ድምፅ መጠን።

ሥራውን ሁልጊዜ ለፕሮግራም ብቻ በተለየው ሐዲድ (ፕሮግራሚንግ ሐዲድ) ጀምሩ። እዚያ ከረንቱ የተገደበ ስለሆነ ሾርት ቢኖር እንኳ ቦርዱ የመትረፍ ዕድል አለው። ዲኮደሩ ትዕዛዙ ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል ያስነሳል፤ ትዕዛዙን የላከው መቆጣጠሪያ ቢያንስ 60 ሚሊአምፕር ጭማሪ ሲያይ «ደርሷል» ብሎ ይቆጥረዋል። «መልስ የለም» ካላችሁ መጀመሪያ የሞተሩን ሽቦና የመንኮራኩሮቹን ንጽሕና ፈትሹ።

የስፒከሩ ኦም ዲኮደሩ ከሚፈቅደው እንዳያንስ። በቆላው ሙቀት ደግሞ ቦርዱን በፕላስተር አትጠቅልሉት፤ አየር ያግኝ።

ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ከእውነተኛ ሎኮሞቲቭ ተቀድቶ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ፣ የድሮው መስመር ሎኮሞቲቭ ሞተር በተነሳ ቁጥር እባካችሁ በጥራት ቅረጹልን።