የውኃ ወፍጮ እንዴት ይሠራል? የሴንት ኦልባንስ ገዳም ወፍጮዎች

የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም በ1086 የአገሩን ሀብት ሲያስመዘግብ ከ5,000 በላይ ወፍጮዎች ተቆጥረው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከለንደን በስተሰሜን፣ በቨር ወንዝ ዳር ያለችው ሴንት ኦልባንስም በመዝገቡ ሦስት ወፍጮ ይዛ ገብታለች። ከተማዋም ወፍጮዎቹም የገዳሙ ርስት ነበሩ።

ለወፍጮ የሚሆን ውኃ ከወንዝ በቦይ ይጠለፍና ወፍጮ ቤቱ አጠገብ በሳንቃ ይታገዳል። ሳንቃው ከፍ ሲል ውኃው ወርዶ በመንኮራኩሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ጣውላዎች ይገፋል። መንኮራኩሩ ሲዞር አብሮት የሚዞረው ወፍራም ዘንግ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በጫፉም ባለ ጥርስ ትልቅ የእንጨት መዘውር አለው። የዚህ መዘውር ጥርሶች ድንጋዩን የተሸከመውን ትንሽ መዘውር ይዘውሩታል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ትልቁ 48፣ ትንሹ 8 ጥርስ ቢኖራቸው፣ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ድንጋዩ ስድስት ጊዜ ይዞራል።

ከድንጋዮቹ የታችኛው አይነቃነቅም፤ የሚዞረው የላይኛው ነው። እህሉ በላይኛው መሐል ባለው ቀዳዳ ይገባል፣ እየተፈጨ ወደ ዳር ይገፋል፣ በጠርዙ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ድንጋዮች ሊነካኩ አይገባም፤ ከተነካኩ ይፋጫሉ፣ ዱቄቱም ያርራል። ሲልሙ ደግሞ ይወቀራሉ። የእጅ ወፍጮ ሲወቀር ያየ አንባቢ ሥራውን ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነበር። ጌቶች ወጪያቸውን የሚመልሱት ጢሰኛው እህሉን በእነሱ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ በማስገደድ ነው። ክፍያው ከእህሉ ላይ የሚቆረጥ ድርሻ ነበር። በየቤቱ ያለው የእጅ ወፍጮ ግን ምንም አያስከፍልም፤ የሴንት ኦልባንስ ሰዎችና ገዳሙ የተጣሉትም በዚሁ ነው።

የገዳሙ አበምኔት የዎሊንግፎርዱ ሪቻርድ የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በኦክስፎርድ ተምሮ የከዋክብትን ጉዞ የሚያሳይ ድንቅ ሰዓት የነደፈ ሊቅ ሆነ። የጥርስና የመዘውርን ነገር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በዘመኑ ጥቂት ነበር። ሆኖም በ1330ዎቹ መጀመሪያ የከተማውን ሰዎች የእጅ ወፍጮ አስነጥቆ፣ በድንጋዮቹ የገዳሙን የመነጋገሪያ ክፍል ወለል አስነጠፈ። ሰው የልጆቹን እንጀራ የሚፈጭበትን ድንጋይ ነጥቆ እግር ሥር ማንጠፍ፣ ዕውቀቱን እያደነቅሁም ይቅር የማልለው ግፍ ነው።

ግፉ ሃምሳ ዓመት ያህል አልተረሳም። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲያምፁ የከተማው ሰዎች ገዳሙ ገብተው ወለሉን ነቀሉት። የገዳሙ መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ዋልሲንግሃም እንደሚተርከው ድንጋዮቹን ሰባብረው፣ በእሑድ ቀን በቤተ ክርስቲያን እንደሚታደል መክፈልት ለእያንዳንዱ ቁራሽ ቁራሽ አካፈሉት። በሚቀጥለው ወር ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ወደ ከተማዋ መጣ፤ የከተማው አመፅ መሪ ዊልያም ግሪንድኮብ ተሰቀለ፤ ገዳሙም በአመፁ የተነጠቀውን መብት መልሶ ያዘ። ገዳሙ ራሱ የተዘጋው በ1539፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው።