ሕጉና መለኪያው፦ ጠጥቶ ማሽከርከርን ለመቀነስ የትምህርት ቤት ድርሻ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ፣ ከዚያ አልፎ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቀየሰው ይህ ቁልቁለት ለአፍታ የተዘናጋን አሽከርካሪ የሚምር አይደለም። ስለዚህ ጠጥቶ ማሽከርከርን የሚከለክለው ሕግ በዚህ አካባቢ በተግባር የሚውልበትን መንገድ መመርመር ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ተገቢ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ለአሽከርካሪ የወሰነው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መጠኑ ከ50፣ ለወጣትና ለጀማሪ አሽከርካሪዎችም ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ መጠጡም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል።

እነዚህ ድንጋጌዎች የሚናገሩት በቁጥር ነው። በደባርቅና በዳባት በብዛት የሚጠጡት ጠላና አረቄ ግን ከየቤቱ የሚወጡ በመሆናቸው ማስታወቂያም ሆነ የአልኮል መጠናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ የላቸውም። የጠላ አልኮል እንደ አጠማመቁ ከመቶ 2 እስከ 6፣ የአረቄ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። አረቄ የሚቀዳባት ትንሽ ብርጭቆ «መለኪያ» ትባላለች፤ ዳሩ ግን ምን ያህል አልኮል እንደምትለካ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ የሒሳብ መምህሩ በመቶኛ ትምህርት ሊያነሣው ይችላል። ከመቶ 4 አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ከመቶ 40 አልኮል ያለው 50 ሚሊ ሊትር አረቄም እንዲሁ። ይህም 16 ግራም ያህል ሲሆን፣ ሰውነት አቃጥሎ ለማስወገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ጊዜውን አያሳጥረውም። ይህን በራሱ እጅ ያሰላ ተማሪ «ጠላ መጠጥ አይባልም» የሚለውን አባባል በቀላሉ አይቀበልም።

ሆኖም መምህሩ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል። ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛላቸው ከጠላ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ የሆነ ተማሪዎች በክፍሉ ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ትምህርቱ በመሪው ላይ እንጂ በጠማቂዋ እናት ላይ ያነጣጠረ መሆን የለበትም።

የትራፊክ ፖሊስ በየጠመዝማዛው ሊቆም አይችልም። ተሳፋሪ ግን በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ አለ። የዛሬው ተማሪ ነገ ሹፌር፣ ረዳት ወይም ተሳፋሪ ስለሚሆን፣ ጠጥቶ መሪ የያዘን ሰው «አንሳፈርም» ለማለት የሚያበቃው ዕውቀት በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።