በአጥሩ ዳር የቆሙት ታዛቢዎች፦ የአውሮፕላን አፍቃሪዎችና የኤርፖርት ጥበቃ ጥያቄ

አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ መመልከትን፣ የእያንዳንዱንም አውሮፕላን መለያ መመዝገብን የዘወትር ተግባራቸው ያደረጉ ሰዎች በእንግሊዝኛ ‹ስፖተር› ይባላሉ። በአማርኛ ‹የአውሮፕላን ታዛቢ› ቢባሉ ከሥራቸው ጋር የሚሄድ ስም ይሆናል፤ ታዛቢ ዝም ብሎ የሚያይ ሳይሆን ያየውን የሚይዝ፣ ኋላም ሲጠየቅ የሚመሰክር ሰው ነውና። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ብርድና ሐሩር ሳይሉ በአውሮፕላን ማረፊያ አጥር ዳር ባይናኩላርና ካሜራ ይዘው ለሰዓታት የሚቆሙ ሲሆኑ፣ መንግሥታት ግን ስለ እነሱ ቁርጥ ያለ አቋም ይዘው አያውቁም፤ በአንድ ዘመን አሠልጥነው ያሰማሯቸውን በሌላ ዘመን በስለላ ከሰዋቸዋል፣ ጥቂት ቆይተው ደግሞ መታወቂያ ሰጥተው የጥበቃ ረዳት አድርገዋቸዋል። ካሜራ ይዞ በአጥር ዳር የቆመ ሰው ስጋት ነው ወይስ ጠባቂ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያልተዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዛቢነቱ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው) በ20ኛው አንቀጹ፣ ከአገር አገር የሚበር ማንኛውም አውሮፕላን የዜግነቱንና የምዝገባውን ምልክት በአካሉ ላይ እንዲይዝ ያስገድዳል። የስምምነቱ 7ኛ አባሪ ደግሞ የፊደላቱን ልክ ሳይቀር ይወስናል፤ በክንፍ ሥር የሚጻፉት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በጎን ወይም በጭራ ላይ የሚጻፉት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሊኖራቸው ይገባል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ምልክት በ‹ኢቲ›፣ የአሜሪካ በ‹ኤን›፣ የብሪታንያ በ‹ጂ› ይጀምራል። ለተራ መንገደኛ ሁሉም ድሪምላይነር አንድ ዓይነት አውሮፕላን ሲሆን፣ ለታዛቢው ግን ‹ኢቲ-ኤኦፒ› ማለት ሐምሌ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ከጭራው አካባቢ እሳት የተነሳበት፣ ከዚያም ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው ያ አንዱ አውሮፕላን ነው። እረኛ ከብቱን በቀንዱና በጥለቱ እንደሚለይ ሁሉ ታዛቢም አውሮፕላኑን በነጠላ ያውቀዋል፤ በደብተሩ አንድ መስመር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምልክቱን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ያረፈበትን ማኮብኮቢያ ያሰፍራል፣ በሚቀጥለው ቀንም ይህንኑ ይደግማል። የዚህ መዝገብ ዋጋ ያለው በአንዱ መስመር ላይ ሳይሆን በመደጋገሙ ላይ ነው፤ የዘወትሩን ሥርዓት በልቡ የያዘ ሰው ብቻ ነውና ከሥርዓቱ የወጣውን በአንድ እይታ የሚያውቀው።

ይህን ዕውቀት መጀመሪያ የፈለገው ራሱ መንግሥት ነበር። ብሪታንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በከተሞቿ ላይ የወረደውን የአየር ድብደባ ስላልረሳች በ1925 የታዛቢዎች ጓድ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት አቋቋመች። በ1940 የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በእንግሊዝ ላይ በዘመቱ ጊዜ በባሕር ዳርቻ የተተከለው ራዳር ፊቱን ያዞረው ወደ ባሕሩ ስለነበር፣ ጠላት ዳርቻውን አልፎ ወደ መሀል አገር ከገባ በኋላ መንገዱን የሚከታተለው የገበሬው፣ የመምህሩና የባለ ሱቁ ዓይንና ጆሮ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በየኮረብታው ላይ በተሠራ ጠባብ መቆሚያ በፈረቃ እየተተካኩ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ብዛት፣ ከፍታና አቅጣጫ በስልክ ያስተላልፉ ነበር። ለዚህ ውለታቸው ጓዱ በ1941 ‹ንጉሣዊ› የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ አውሮፕላን መለየትን ለሕዝብ የሚያስተምር ልዩ ጋዜጣ መታተም ጀመረ፣ አውሮፕላኖቹን ከሥር፣ ከጎንና ከፊት እንደ ጥላ በጥቁር ቅርጽ የሚያሳዩ ካርዶችም በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጩ። አንድ ትውልድ ሙሉ ቀና ብሎ ማየትን እንደ አገር ፍቅር ግዴታ ተማረ። አሜሪካም በበኩሏ በጦርነቱ ወቅት ተመሳሳይ ጓድ አደራጅታ ነበር፤ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው ፍጥጫ በከረረበት ዘመንም ከ1952 እስከ 1959 በጎ ፈቃደኞች ሰማዩን በፈረቃ እንዲጠብቁ አድርጋለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ልማዱ አብሮ አላበቃም፤ ሰላማዊ መዝናኛ ሆኖ ቀጠለ፣ ማኅበራትም ተመሠረቱ። አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለታዛቢዎች መመልከቻ ሥፍራ እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል፤ የማንቸስተር ኤርፖርት የማኮብኮቢያ ዳር መናፈሻ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ማዶ በሬገን ኤርፖርት ማኮብኮቢያ አፍንጫ ሥር የሚገኘውና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም የሚያውቁት የግራቭሊ ፖይንት መናፈሻ የዚህ ምስክሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ልማዱ የሚከበረው ልማዱን በሚያውቅ አገር ብቻ መሆኑ በኅዳር 2001 በግሪክ ታየ። በካላማታ የአየር ኃይል ሠፈር ለሕዝብ በተከፈተ የበዓል ቀን የተገኙ 12 ብሪታንያውያንና 2 ኔዘርላንዳውያን ታዛቢዎች የአውሮፕላን ቁጥር ሲመዘግቡ ተይዘው በስለላ ተከሰሱ፤ ለሳምንታት ታስረው በዋስ ከተለቀቁ በኋላም በሚያዝያ 2002 ስምንቱ የሦስት ዓመት እስራት፣ ስድስቱ ደግሞ የአንድ ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉንም በነጻ አሰናበታቸው። ከነገሩ ሁሉ ልብ የሚባለው ከሳሾቹ ለመረዳት የቸገራቸው ነጥብ ነው፤ የማይከፈለው፣ አለቃም የሌለው ሰው ስለምን የጭራ ቁጥር እየለቀመ በደብተር ያጠራቅማል የሚለው ጥያቄ ለእነሱ ከስለላ በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። በ2015ም በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በፉጃይራ ኤርፖርት አጠገብ የተያዙ ሦስት ብሪታንያውያን ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው የተለቀቁት።

የጸጥታ ኃይሎችን ስጋት ግን ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በኅዳር 28 ቀን 2002 ከሞምባሳ በተነሳ የእስራኤል መንገደኞች አውሮፕላን ላይ በትከሻ የሚተኮሱ ሁለት ሚሳይሎች ከኤርፖርቱ አቅራቢያ ተተኩሰው ለጥቂት ሳቱት፤ በውስጡ 261 መንገደኞች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር የብሪታንያ መንግሥት ተመሳሳይ ጥቃት ይደርሳል ብሎ በመስጋቱ በሂትሮው ዙሪያ ወታደሮችና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች አሰማራ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የያዘ ሰው የሚመርጠው ቦታ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ የሚያልፍበት የማኮብኮቢያው መዳረሻ፣ ታዛቢው ለፎቶግራፍ ከሚመርጠው ቦታ ጋር አንድ ነው። ጥበቃውን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሁለቱም እዚያው ይቆማሉ፣ ሁለቱም ሰማዩን ያያሉ፣ ሁለቱም የበረራ ሰዓት ያጠናሉ።

አንዱ መልስ ሁሉንም ማባረር ነበር። በብሪታንያ በ2000 የወጣው የሽብርተኝነት ሕግ 44ኛ አንቀጽ ፖሊስ በተከለሉ አካባቢዎች ያለ ምንም ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ እንዲፈትሽ ስለፈቀደ ፎቶ አንሺዎች በተደጋጋሚ ይያዙ ነበር፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጥር 2010 ይህ ሥልጣን የግል ሕይወት መብትን ይጥሳል ብሎ ከፈረደ በኋላ ግን አንቀጹ ሥራው ቆሞ በመጨረሻ ተሻረ።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የተሻለ ብልሃት ያለበት ነው። በካናዳ የኦታዋ ኤርፖርት ፖሊስ በአጥሩ ዳር የሚቆሙትን ሰዎች ከማባረር ይልቅ ማደራጀትን በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመረ፣ ‹ኤርፖርት ዎች› ማለትም የኤርፖርት ጥበቃ ማኅበር የሚባለው አሠራርም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በቺካጎ ኦሄር፣ በሚኒያፖሊስና በአውስትራሊያ ኤርፖርቶች ተመሳሳይ ማኅበራት ከፖሊስ ጋር ይሠራሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው ማንነቱ ይጣራል፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይሰጠዋል፣ ምን ማየትና ለማን መደወል እንዳለበት ይማራል። የማሰር፣ የመፈተሽ ወይም ሰውን የማስቆም ሥልጣን ፈጽሞ የለውም። የሚደውለውም የአጥሩ ሽቦ ተቆርጦ፣ ወትሮ የሚቆለፍ በር ተከፍቶ፣ መኪና ባልተለመደ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ አንድ ሰው የጨረር መብራት ወደ ሚያርፍ አውሮፕላን አነጣጥሮ፣ ወይም ከአውሮፕላን አካል ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ሲያይ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ኤርፖርት ግን አጥሩ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር፣ ባለቤቱም ሁሉም ቦታ መድረስ የማይችል ነውና፣ ተቀጣሪው ዘበኛ በመኪና ዞሮ ከሄደ በኋላ እዚያው የሚቀር ዓይን ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዘበኛው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ታዛቢው በዚያው ጉብታ ላይ ሃያ ዓመት ቆሟል። የቱ የጭነት መኪና የነዳጅ፣ የቱ የምግብ አቅራቢ መሆኑን፣ የትኛው ሠራተኛ በየትኛው በር እንደሚገባ ሳይጠየቅ ያውቃል።

ሆኖም የማኅበሩ ጥቅም የሚጸናው ታዛቢው የታየውን ድርጊት እንጂ የሰውን መልክ እስካልተመለከተ ድረስ ነው። በአጥሩ ዳር መኪናውን አቁሞ ዘመዱን የሚጠብቅ መጤ፣ በቋንቋው ወይም በአለባበሱ ብቻ ጥርጣሬ ላይ ከወደቀ፣ የጥበቃው ማኅበር በካላማታ የታየውን ስሕተት በገዛ እጁ ይደግመዋል፤ ትናንት እንግዳ ልማዱ ያስከሰሰው ሰው ዛሬ የሌላውን እንግዳነት ወንጀል ሊያደርግ አይገባውም።

ታዛቢዎቹ በዋናነት ለፖሊስ የሚጠቅሙ ረዳቶች ናቸው ማለትም የነገሩን ግማሽ ብቻ መናገር ነው። በጥር 2004 በስፔን ፓልማ ደ ማዮርካ ኤርፖርት አንድ ታዛቢ እንደ ልማዱ ሲያነሳቸው ከነበሩ ፎቶዎች መካከል አንዱ ‹ኤን 313 ፒ› የሚል ምልክት ያለበት ነጭ ቦይንግ 737 ነበር፤ የአየር መንገድ ስምም ዓርማም አልነበረበትም። ያ አውሮፕላን በጥር 23 ከፓልማ ወደ መቄዶንያ ዋና ከተማ ስኮፕዬ ተነሳ፣ በዚያም የሊባኖስ ዝርያ ያለውን ጀርመናዊ ኻሊድ ኤል-ማስሪን ጭኖ ወደ አፍጋኒስታን ወሰደው። ሰውዬው በስም መመሳሰል ተይዞ ለወራት ከታሰረ በኋላ በግንቦት በአልባኒያ አንድ ገጠራማ መንገድ ላይ ተለቀቀ፤ የነገረውን ታሪክ መጀመሪያ ብዙ ሰው አላመነውም። በየኤርፖርቱ ዳር ያሉ ታዛቢዎች የመዘገቧቸው ምልክቶች፣ ቀኖችና ፎቶዎች ከበረራ መዛግብት ጋር ሲገጣጠሙ ግን የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ተጠርጣሪዎችን በድብቅ ከአገር አገር የሚያመላልስበት መረብ በጋዜጠኞችና በአውሮፓ ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ግልጥ ብሎ ወጣ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2012 መቄዶንያን በኤል-ማስሪ ጉዳይ ጥፋተኛ አላት።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይጠልቃል። የሽቦውን መቆረጥ የሚያየው ዓይንና የነጩን አውሮፕላን ምልክት የሚያነበው ዓይን አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሚፈልግ መንግሥት ሁለተኛውን ሊችል ይገባል። በፖሊስ መታወቂያ ብቻ የሚቆም፣ ፈቃዱ ሲነጠቅ የሚባረር ታዛቢ የታዘዘውን ብቻ ማየት ይለምዳል፣ ያን ጊዜም ታዛቢነቱ ቀርቶ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዘበኛ ይሆናል።

የልማዱ መልክ በቴክኖሎጂም ተለውጧል። ዛሬ አብዛኛው አውሮፕላን ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት በየቅጽበቱ በራዲዮ ያሠራጫል፤ ‹ኤዲኤስ-ቢ› የሚባለውን ይህን ምልክት ማንም ሰው በትንሽ አንቴና ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሊቀበለው ይችላል። በ2006 በሁለት ስዊድናውያን የአቪዬሽን አፍቃሪዎች የተጀመረው ፍላይትራዳር24 የቆመው በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች በተከሏቸው እንዲህ ባሉ መቀበያዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ 157 ሰዎችን ይዞ ባለቀበት በዚያው ዕለት፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሽቅብና ቁልቁል ፍጥነቱ እንዳልረጋ ለዓለም ያሳየው የዚህ መረብ መረጃ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ካናዳና አሜሪካ የወደቀው አውሮፕላን ዓይነት የሆነውን ቦይንግ 737 ማክስን ለማገድ የወሰኑት ከሳተላይት የተገኘውን የዚሁ ዓይነት ምልክት መዝገብ አይተው፣ ቀደም ሲል በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ካለቁበት አደጋ ጋር ያለውን መመሳሰል ከተረዱ በኋላ ነው። ጥቁሩ ሣጥን ገና ሳይነበብ መረጃው በአደባባይ መኖሩ፣ የሐዘንተኞቹ ጥያቄ ‹ምርመራው እስኪያልቅ ጠብቁ› በሚል ቃል ብቻ እንዳይታለፍ ረድቷል።

ይህ ግልጽነት በበኩሉ አዲስ ክርክር አስነሥቷል። የባለጸጎች የግል አውሮፕላኖች ጉዞ በአደባባይ መታየቱ ለደኅንነታችን ያሰጋል የሚሉ ባለቤቶች አቤቱታቸውን ለአሜሪካ ምክር ቤት አቅርበው፣ በግንቦት 2024 የጸደቀው የፌዴራል አቪዬሽን ሕግ የግል አውሮፕላን ባለቤት ስሙና አድራሻው ከሕዝብ መዝገብ እንዲሸሸግለት መጠየቅ እንዲችል ፈቀደ። መዝገቡ ይሸሸግ እንጂ በክንፉ ሥርና በጭራው ላይ የሚጻፉት ፊደላት ግን የቺካጎው ስምምነት ካዘዘበት ጊዜ ጀምሮ እንዳሉ ናቸው፤ አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ሲል ከአጥሩ ማዶ ቀና ብሎ የሚያነባቸው ሰው ደብተሩን ይከፍትና ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል።