የጉና አፈር፣ የጣና ብርሃን
ክረምት ላይ የጉማራን ወንዝ አይታችሁታል? የሚደፈርሰው ከጉና ተራራ የማሳ አፈር ተሸክሞ ወደ ጣና ስለሚወርድ ነው። ሐይቁ ውስጥ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ደቂቅ ተንሳፋፊዎች አሉ። ልክ እንደ ጤፍ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ዓሣውም በመጨረሻ የሚኖረው በእነሱ ነው። ድፍርሱ ግን ብርሃኑን ይጋርዳል።

አርክቲክ ላይ ደግሞ የሚጋርደው በረዶ ነው። እዚያ ተመራማሪዎች በረዶው ላይ ሰፍረው፣ ቀዳዳ ሰርስረው ይለካሉ። ለጣና ጀልባና በገመድ የታሰረ ነጭ ዲስክ ይበቃል፦ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት የውኃውን ጥራት ይነግረናል።

አያሌው ወንዴና ስዩም መንግሥቱ በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በየወሩ ሲለኩ፣ ምርቱ ከፍ ብሎ የተገኘው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። የአርክቲክን በረዶ ፀሐይ ታቀልጠዋለች፤ የእኛን ግርዶሽ የሚቀንሰው ግን እርከን ነው።