ደኑና ፎቆቹ

ዛሬ የምናነበው ስለ ዝናብ ደን ነው። የዝናብ ደን ማለት ብዙ ዝናብ የሚያገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ልምላሜው የማይጠፋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው።

የዝናብ ደን ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የኮንጎና የአማዞን ደኖች በአብዛኛው ያሉት ሞቃት ቆላ ላይ ነው። የእኛ የከፋ፣ የሸካ፣ የኢሉባቦርና የባሌው ሐረና ደን የተራራ ዝናብ ደን ይባላል። ተራራ ላይ ደግሞ ደኑ ከፍታውን ተከትሎ ይለዋወጣል። ከዶሎ መና ወደ ጎባ በመኪና የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። መጀመሪያ የሚያገኘው ቡና ያለበትን ደን ነው። ከፍ ሲል ቡናው ይቀራል፤ ውርጭ አይወድማ! ቀጥሎ ኮሶና ቀርከሃ ይመጣል። ከዚያ በላይ አስታ ነው፤ ከዚያም ጋቢ የሚያስፈልግበት የሳነቴ ሜዳ።

እንግዲህ ቡና ያለበት ደን ውስጥ እንግባ። ደኑን እንደ ፎቅ ቤት አስቡት።

ከሁሉ በላይ ቀረሮ አለ። ቀ-ረ-ሮ፤ ቃሉን ደግማችሁ አንብቡት። ቀረሮ ከ40 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። አሥር ጎጆ አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆም ያን ያህል ነው። ፀሐዩንም ነፋሱንም መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው።

ከሱ ሥር ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨትና ሌሎች ዛፎች ቅጠላቸውን ገጥመው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ሐረግ ይጠመጠምባቸዋል፤ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠልባቸዋል። ጉሬዛ የሚኖረው እዚህ ነው። የሚበላው በአብዛኛው ቅጠል ስለሆነ መሬት የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። እጁ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ይይዛል። የአካባቢው ሰውም ቀፎውን ከፍ አድርጎ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ንቧ የምትቀስመው የነዚሁን ዛፎች አበባ ነዋ።

ከዚህ ጥላ በታች ቡና አለ። አረቢካ የሚባለው ቡና እዚህ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬን ገና በእንጭጩ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን መግባቱ ታወቀ። በሽታው ብዙ ገበሬ ጎዳ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒት ከውጭ ብቻ አልጠበቁም። እዚሁ ካሉት ቡናዎች መካከል በሽታው ያልበገራቸውን ፈለጉ። በ1974 ከመቱ አካባቢ 74110 እና 74112 የተባሉትን መረጡ። ቁጥሩ በ74 የጀመረው ለዚህ ነው። ቡናው ብዙ ዓይነት ባይሆን ኖሮ ከምን ይመርጡ ነበር?

መሬቱ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ ይገኛሉ። የረገፈውን ቅጠል ምስጥ፣ ትልና እንጉዳይ ተባብረው ጥቁር አፈር ያደርጉታል። ያንን አፈር መልሶ የሚመገበው ዛፉ ነው። ዝናቡም ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ ስለሚወርድ አፈሩን አይደበድበውም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ዛፍ መቁረጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡና ያለው ሰው ፍሬው እንዲበዛለት፣ ለለቀማም እንዲመቸው ሥር ሥሩን በገጀራ ይመነጥራል። ምንም ክፋት አላሰበም፤ አረም ነው የሚመነጥረው። ግን አረሙ መሐል ጉልበት የማይደርስ የቀረሮ ችግኝ አለ። ዘንድሮም ይቆረጣል፤ ለከርሞም። ደኑን ከሩቅ ብታዩት ደህና ነው፤ አሮጌዎቹ ቀረሮዎች ቆመዋልና። አንድ ቀን ሲወድቁ ግን ተተኪ የለም። ጥላው ይሳሳል፣ ጉሬዛው ይሄዳል፣ ቀፎውም መስቀያ ያጣል።

ስለዚህ ቡናችሁን ከመመንጠራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩ። የቀረሮና የዶቅማ ችግኝ ስታገኙ አጠገቡ ረዘም ያለ እንጨት ትከሉ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት። ገጀራ የያዘው ልጅ ከሩቅ እንዲያየው ነው።