ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትሄድ እኅት ስንቅዋ ምን ይሁን?

በቀድሞ ዘመን አባቶቻችን ለረዥም መንገድ ሲነሡ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ስንቃቸው ነበር። በሶውና ቆሎው በአቁማዳ ካልተሞላ ማንም ከቤቱ አይወጣም፤ ስንቁ በመንገድ ያለቀበት ሰው የሰው ፊት ማየቱ እንደማይቀር ያውቅ ነበርና። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጅዳ ወይም ሪያድ ይደርሳል። ነገር ግን የመንገዱ ማጠር ስንቅን ከንቱ አያደርገውም፤ እንዲያውም ባለማወቅ ቶሎ ለመድረስ ስለሚያመች ስንቁን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማሩ ከነበሩት እኅቶቻችን መካከል አንዳንዶቹ ለቤት ሠራተኛነት ወደዚያ አገር ሲሄዱ ማየቴ ነው። መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን። እኔ የምናገረው ለመሄድ ቍርጥ አሳብ ስላደረገችው እኅት ብቻ ነው።

እኛና ዓረቦች የማንተዋወቅ ጎረቤቶች አይደለንም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ ስደት በጸናባቸው ጊዜ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በአገራችን ንጉሥ ጥላ ሥር ተጠልለዋል፤ ከእነርሱም መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ነበረች። ያን ጊዜ ሴቶች ደኅንነትን ፈልገው ወደ እኛ ተሻገሩ፤ ዛሬ ደግሞ የእኛ ሴቶች እንጀራ ፈልገው ወደዚያ ይሻገራሉ። ታዲያ እነዚህ እኅቶቻችን ምን ይሰንቁ?

1ኛ፤ መንገዱ ሕጋዊ ይሁን። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፤ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፤ የመንን በእግር አቋርጦ መግባት ብዙ ወገኖቻችንን ለሞት፤ ለእስራትና ለእገታ ዳርጓል። ዓረቦች በዚያ ያለውን ጠባብ የባሕር በር ባብ ኤል መንደብ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የእንባ በር ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ነገር ምን እንደሚመስል በ2006 ዓ.ም. አይተናል፤ በዚያ ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹም ያፈሩትን ንብረት ጥለው ነው የመጡት። በዚያው ዓመት መንግሥታችን ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ተጓዥዋ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ያስፈልጋታል። የቪዛውና የጉዞው ወጪ የአሠሪው ዕዳ ነው፤ እርስዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና እንደ ሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። እንግዲህ አንድ ደላላ «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ ብር አምጪ» ቢላት ነገሩ ከመነሻው የተጣመመ መሆኑን ትወቅ።

2ኛ፤ ወረቀትዋን ትወቅ፤ ቅጂውንም ታስቀር። የሥራ ውልዋን በምታውቀው ቋንቋ ሳታነብ፤ ማንበብ ካልቻለችም በታማኝ ሰው ሳታስነብብ መፈረም አይገባትም። ደመወዝዋ፤ የሥራዋ ዓይነት፤ የዕረፍት ቀንዋና የውሉ ዘመን በግልጥ መጻፍ አለበት። በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ የምትተዳደረው በአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ሳይሆን ለብቻው በወጣ ደንብ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፤ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላም ደመወዝ የሚከፈልበት የአንድ ወር ፈቃድ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏልና ከመነሣትዋ በፊት ያለውን መጠየቅ ይገባታል። የሠራተኛን ፓስፖርት አሠሪ ወስዶ እንዳይዝ በዚያው አገር የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን የሚይዙ አልጠፉም። ስለዚህ የፓስፖርትዋንና የውልዋን ቅጂ ለወላጆችዋ ወይም ለታመነ ዘመድ ትታ መሄድ ብልኅነት ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ የሚሰጣት የመኖሪያ ፈቃድ «ኢቃማ» ይባላል፤ ያለ እርሱ ከቤት መውጣት አደጋ አለው።

3ኛ፤ ቋንቋ ትማር። ዓረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ «በይት» ቤት፤ «ዐይን» ዓይን፤ «ራስ»ም ራስ መሆኑን ለመገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ዘመድነቱ አንዳንድ ጊዜ ወጥመድ ይሆናል። በዓረብኛ «አርበዓ» ማለት አራት እንጂ አርባ አይደለም፤ «ኸምሳ» አምስት እንጂ ሃምሳ አይደለም፤ «ሰብዓ» ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም፤ «ሰማንያ»ም ስምንት ነው። ገበያ የተላከች ወይም ስለ ደመወዝዋ የምትነጋገር ሴት ይህን ካላወቀች አሥር እጥፍ ትሳሳታለች።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ የእጅ ሰዓትዋን ማዞር አያሻትም፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። እመቤቲቱ ጧት «ሰብዓ» ስትል በእኛ አንድ ሰዓት ማለትዋ ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ዓመትም ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ይበልጣል፤ ይህን ያልለየች ሴት ውልዋ የሚያልቅበትን ቀን ማወቅ ይሳናታል። ከዚህም ሌላ «ታምሜአለሁ»፤ «አልገባኝም»፤ «ደመወዜ»፤ «ሐኪም» የሚሉትን ቃላት አስቀድማ ብታጠና ያገለግልዋታል።

4ኛ፤ ወጉን ታክብር። ሳዑዲ ዓረቢያ ወግ አጥባቂ አገር ናት፤ ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት ብዙ ነገር ቢለወጥም። ለምሳሌ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የተፈቀደላቸው ከሰኔ 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የሆነ ሆኖ እጅና እግርን የሚሸፍን ሰፊ ልብስ፤ «አባያ» የሚባለው ረዥም ካባና ሻሽ ይዞ መሄድ ይመረጣል። ባዕድ ወንድን አስቀድሞ እጅ መዘርጋት፤ ከእርሱ ጋር ብቻ ለብቻ መቀመጥ፤ የቤተ ሰቡን ሴቶችና ሕፃናት ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ያስወቅሳል፤ ሊያስከስስም ይችላል። በረመዳን ወር ቀን በሰው ፊት መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ክርስቲያን የሆነችም ጸሎትዋን ለብቻዋ ማድረስ አለባት፤ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የለምና። ይህ ሁሉ ሃይማኖትዋን ወይም ባሕርይዋን እንድትለውጥ አይደለም፤ ባለማወቅ እንዳትጎዳ ነው።

5ኛ፤ ሻንጣዋን ራስዋ ታሰናዳ። በርበሬና ሽሮ የአገር ናፍቆት ያስታግሳሉ። ጫት፤ አረቄና ማንኛውም የአልኮል መጠጥ፤ የዐሣማ ሥጋ ግን በጭራሽ አይገቡም። በተለይ ጫት በዚያ አገር እንደ አደገኛ ዕፅ ስለሚቆጠር ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ስለዚህ «ይህችን ዕቃ ለእገሌ አድርሺልኝ» የሚላትን ሰው፤ ዘመድም ቢሆን፤ ዕቃውን ፈትታ ሳታይ አትቀበለው። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነች ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ትያዝ።

6ኛ፤ ስለ ገንዘብዋ ከመሄድዋ በፊት ትወስን። በራስዋ ስም የባንክ ሒሳብ ከፍታ መሄድ አለባት። ለወላጆችዋ የምትልከውን ከምታስቀምጠው ለይታ፤ ስምምነቱንም አስቀድማ ከቤተ ሰብዋ ጋር ተነጋግራ መቁረጥ ይገባታል። ሁሉን ልካ ባዶ እጅዋን የምትመለስ ልጅ ሁለተኛ ለመሰደድ ትገደዳለችና። በዚህ ነገር ጥፋቱ የልጅቱ ብቻ ሳይሆን የእኛ የቤተ ሰቦችዋም ጭምር ነው።

7ኛውና የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። በሰፈራችን ያለች አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅት እንደ ነገረችኝ፤ ስልክዋ በተወሰደባት ጊዜ የእናትዋን ቍጥር በቃልዋ ስለማታውቅ አራት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ቍጥሩ በስልኩ ውስጥ እንጂ በልብዋ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ተጓዥዋ የሁለት ዘመድ ስልክ፤ የአሠሪዋን ሙሉ ስምና የምትኖርበትን ከተማ፤ እንዲሁም ኤምባሲያችን በሪያድ፤ ቆንስላችን በጅዳ መሆኑን ከነስልክ ቍጥራቸው እንደ ፊደል በቃልዋ ትያዝ። ሕመም ቢደርስባት የአምቡላንስ ጥሪ 997 መሆኑንም ትጨምርበት።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ስንቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው፤ አንዱ በእጅ የሚያዝ፤ ሁለተኛው በልብ የሚያዝ። ፓስፖርት ሊያዝ፤ ስልክ ሊወሰድ፤ ሻንጣ ሊቆለፍበት ይችላል። ዕውቀትን ግን ማንም ከሰው ላይ አይቀማም። ገና በትምህርት ገበታ ላይ ያላችሁ እኅቶች! አሳባችሁ ለመሄድ ቢሆንም እንኳ የጀመራችሁትን ትምህርት ሳትጨርሱ አትሂዱ፤ ውል የምታነቡበት፤ ደመወዝ የምታሰሉበት፤ መብታችሁንም የምትጠይቁበት ስንቅ እርሱ ነውና። እኛ ወንድሞችና ወላጆችም ከምትልክልን ገንዘብ አስቀድመን ስለ ደኅንነትዋ የምንጠይቅ እንሁን።